የተራዘመው ጉዞ

ሰሞኑን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ላይ በተጣደ ድስት ውስጥ ቁሌት ይቁላላል። አንድ ጎረምሳ ፊቱን ከጭሱ እያሸሸ በረጅም እንጨት ያማስላል። በርበሬው ሽንኩርቱ ላይ ገና መጨመሩ ስለነበር ሽታው ጉሮሮ ይይዛል፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ አስነጠስኩ። ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል እንጨቱን አየሁት። ጫፉ ሰፊና ስስ ነው፤ አናቱ ላይ መዳፍ የሚያርፍበት እጀታ አለው። ማማሰያ እንዲህ ተደርጎ አይሠራም። ጎኑ ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከቀለሙ በታች ደግሞ በቢላ የተጫረ ዓሣ አለ። ዓሣ መሆኑን እኔ ስለማውቅ ነው እንጂ ለሌላው ሰው ስንጥቅ ነው።

"ይሄ እኮ መቅዘፊያ ነው" አልኩት ጎረምሳውን።

"ምን?"

"ታንኳ የሚቀዘፍበት።"

"እሺ፣ ፈቀቅ በይ፣ እንዳይፈናጠርብሽ" አለኝ። ሥራ ላይ ያለ ሰው የሌላ ሰው ትዝታ ምን ያደርግለታል? ፈቀቅ አልኩ።

መቅዘፊያውን የሠሩት አባባ ናቸው፤ የአባቴ አባት፣ ሰፈሩ ጋሽ አንጁሎ እያለ የሚጠራቸው። የተወለዱት አባያ ሐይቅ ዳር ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው አናጢ ሆኑ፤ እኔ ሳውቃቸው ሥራ ትተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ቤታችን ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነበረ። ዛሬ ዳገቱ አናት ላይ ፓርክ ስላለ ሰው በመኪና እየወጣ ፎቶ ይነሳል። ያን ጊዜ የሚወጣው እንጨት ለቃሚና ጸበል ፈላጊ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። አባዬ አባባን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስዷቸው ሲመለስ "የዓይን ግፊት ነው ተባለ" ብሎ ለእማዬ ነገራት። እኔ የማውቀው ግፊት ትምህርት ቤት ዳቦ ስንገዛ ሰልፉ ላይ የነበረውን ነው። ስለዚህ ከአባባ ዓይን ኋላ ብዙ ሰው ተሰልፎ የሚገፋፋ መስሎኝ ነበር፤ ለምን አንድ ዘበኛ መጥቶ ሥርዓት እንደማያስይዝ አልገባኝም። አባዬ ሊያስረዳኝ ጣቶቹን አጥፎ በጡጫው ቀዳዳ ሠራና "በዚህ እዪ" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የስኳር ዕቃ ታየኝ፤ አጠገቡ የቆመችው እማዬ አልታየችኝም።

"ከዳር ከዳሩ እየጠፋ ነው የሚመጣው" አለ አባዬ። "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ነው።"

አባባ ራታቸውን በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አፋቸውን አብሰው ሲያበቁ "አባያ እንሂድ" አሉ። "ሐይቅ በቀዳዳ አይታይም። ዓይኔ ሰፋ ብሎ ሳለ አንዴ ልየው።"

ሐይቁ ዳር የቀሩት ታናሽ ወንድማቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ታንኳ አላቸው። እቅዱ ቀላል ነበር። አባዬ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳል፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛውን ፒካፕ ይዋሳል፣ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሄደን ሦስት ቀን እንቆያለን። አባባ ከወንድማቸው ጋር ይቀዝፋሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። እኔም እንድሄድ ያሉት እሳቸው ናቸው። "መንጠቆ ላይ ትል የምትሰካልኝ ዓይን ያስፈልገኛል" አሉ። ቤታችን ውስጥ ለአንድ ነገር ሳስፈልግ የመጀመሪያዬ ስለነበር ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

እማዬ ግን የቀበና ልጅ ናት፤ ውሃ ለእሷ ልብስ የሚታጠብበት ወይም የሚጠመቁበት ነገር ነው። "ሰው ደረቅ መሬት እያለለት ምን ሊያደርግ ውሃ ላይ ይወጣል?" ትል ነበር። "ደግሞ አዞ አለው።"

"አለው" አሉ አባባ። "እሱም የራሱ ሥራ አለው፤ እኛን ሲጠብቅ አይውልም።"

መቅዘፊያውን መሥራት የጀመሩት በማግስቱ ነው። ወንድማቸው ዘንድ ሞልቶ ሳለ ለምን እንደሚደክሙ አባዬ ሲጠይቃቸው "በሰው ማንኪያ አልበላም" አሉት። በረንዳው ላይ ተቀምጠው እንጨቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ይጠርባሉ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ቅርፊቱን እሰበስባለሁ። በስተቀኝ ስቆም እንደማያዩኝ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ስናገር ይደነግጡ ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊታቸው መቀመጥ ለመድኩ። ጎኑ ላይ በቢላ ዓሣ ሲጭሩበትም እዚያው ሆኜ አይቻለሁ።

"አባባ፣ ሐይቅ ምን ያህላል?"

"ወዲያኛው ዳር አይታይም። ወዲያኛው ዳር ከታየሽ ወንዝ ነው፣ ወይ ኩሬ ነው።"

"መሃሉ ላይስ ምን አለ?"

"ደሴት አለ። ሰው ይኖርበታል። ፍየል ሳይቀር በታንኳ ይሻገራል። ጉም ሲሆን ደሴቱ አይታይም፤ የፍየሉን ድምፅ እየሰማን ነበር የምንቀዝፈው።"

ለፍየሉ አዘንኩ። እኔ ሚኒባስ እንኳን ያስመልሰኝ ነበር።

የእኔ ሥራ ትል መሰብሰብ ነበር። ዝናቡ አባርቶ አፈሩ ሲርስ ከጎመኑ መደብ ሥር ትል ይወጣል። በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አፈር ሞልቼ፣ የተጣለ የሻይ ቅጠል ጨምሬበት፣ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። የትምህርት ቤት ቦርሳዬንም ከደብተር አጽድቼ ሹራብና ሁለት ካልሲ ከተትኩበት።

ልንሄድ ስንል የፒካፑ ፍሬን አልይዝ አለ። አባዬ ከሥራ እንደገባ ጫማውን እያወለቀ "እንግዲህ ጉዞው ተራዝሟል" አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ "ተራዘመ" የምትለውን ቃል የማውቃት ከትምህርት ቤት ነው። በዚያው ዓመት የጥር እረፍት ሊጀምር ሲል ርእሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ወጥተው "እረፍቱ በአንድ ሳምንት ተራዝሟል" ብለው ነበር፤ ግቢው በጩኸት ተናወጠ፣ ቦርሳ ሁሉ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ተራዘመ ማለት ረዘመ ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የእኛም የሦስት ቀን ጉዞ ረዝሞ ሳምንት የሆነ መሰለኝ። ፍሬኑን አመሰገንኩት። ጓዳ ሄጄ ሦስተኛ ካልሲ ጨመርኩ፤ ትሉም ለሦስት ቀን የታሰበ ስለነበር ሌላ መቆፈር ግድ ሆነ።

መኪናው ሲሠራ ደግሞ የአባባ ወንድም ደወሉ። ዝናቡ በርትቶ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፣ አሁን አትምጡ አሉ። አባዬ ስልኩን ዘግቶ "ዝዋይ እንሂድ" አለ። "እሱም ሐይቅ ነው፤ ጀልባ ይከራያል፣ አዞ የለበትም።" የመጨረሻዋን ለእማዬ ነው ያላት።

አባባ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ሲሞክሩ ቆዩ። "ዝዋይን አላውቀውም" አሉ በመጨረሻ። "ውሃ ግን ውሃ ነው።"

ዝዋይ ሊኬድ ሲል ፍልሰታ ገባ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ አባባ ቸርች ይሄዳሉ፤ በቤታችን ይህ አጣልቶ አያውቅም፤ ዓሣው ግን አከራከረ።

"በፍልሰታ ዓሣ?" አለች እማዬ። "ልጅቷም እኮ እየጾመች ነው።"

"ዓሣ ሥጋ አይደለም" አለ አባዬ። "የሚበላ ብዙ ጿሚ አለ።"

"ደም አለው። ደም ያለው ነገር ሥጋ ነው።"

"አጥምደን እንመልሰዋለን" አሉ አባባ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ መሳቋ ግን ውሳኔዋን አልለወጠውም። "አባባ፣ እርስዎ እንደፈለጉ። እሱና ልጅቷ ግን ጾሙን ትተው ውሃ ላይ አይንቀዋለሉም" አለች። ያለ እኛ እሳቸው ብቻቸውን የትም መሄድ እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጉዞው እስከ ጾሙ ፍቺ ተራዘመ። እኔ ሽሮዬን እየበላሁ ደስታዬን ዋጥኩ። ለጎረቤት ልጆች "የኛ ጉዞ ሁለቴ ተራዘመ" ብዬ ነገርኳቸው፤ ከእነሱ መካከል የተራዘመ ጉዞ ያለው አንድም አልነበረም።

በጾሙ መሃል እማዬ አልጋዬ ሥር ስትጠርግ ቆርቆሮውን አገኘችው። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ትሎቹ ወደ ጎመኑ መደብ ተመለሱ፤ እኔም በማግስቱ ዳግመኛ ለቀምኳቸው። አባባ በዚያ ሰሞን በረንዳው ላይ የነበረውን ባልዲ ሁለቴ ረግጠው ደፉ። እማዬ ባልዲውን ከመንገድ አነሳችው።

ጾሙ ሲፈታ እቅዱ እንደገና ተለወጠ። የአባዬ ፈቃድ አልቆ ስለነበር የቀረን አንድ እሁድ ብቻ ነው። "ቢሾፍቱ ደርሰን እንመለሳለን" አለ። ባለጀልባ የሆነ ሰው አግኝቷል፣ አሁን የሚያግድ ነገር የለም። ቅዳሜ ማታ ሁሉ ነገር በር ላይ ተደረደረ፤ ዳቦው፣ ዣንጥላው፣ ቦርሳዬ፣ ቆርቆሮው፣ መቅዘፊያው።

እሁድ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ከታች በኩል ያለ አንድ ጎረቤታችን አርፈው ነው። በዚያ ወር የእድሩ ተረኛ እማዬ ነበረች፤ አባዬም ድንኳን መትከል አለበት። የእድሩ ሴቶች አለቃ እትዬ ዘነበች ለእማዬ ሊነግሯት ግቢያችን ገቡ። ከበሩ አጠገብ የቆመውን መቅዘፊያ አዩና ሐዘኑን ለአፍታ ረስተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ምን የመሰለ ማማሰያ ነው! ጋሽ አንጁሎ፣ እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ።

"ምነው ሳይነግሩን! የኛው ከተሰበረ ስንት ጊዜው። ለስንት ሰው ወጥ በጭልፋ ስናማስል እጃችን አለቀ እኮ።"

እማዬ ልትናገር አፏን ከፈተች። አባባ ቀደሟት። "ይውሰዱት" አሉ። "ለለቅሶ ነው።"

እትዬ ዘነበች መቅዘፊያውን ተሸክመው ወረዱ። አባባ የሴትዮዋ ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ በሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ዘወር ሲሉ ቦርሳዬ አደናቀፋቸው።

መቅዘፊያው ለእድሩ ለዘለቄታው የሄደው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ከሣልስት በኋላ ተመለሰ፤ ታጥቧል፣ ነገር ግን ከግማሽ በታች ቀይ ሆኗል። አባባ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አሸተቱት። "ይሄን ያሸተተ ዓሣ መጥቶ እጅ ይሰጣል" አሉ።

በዚያ ቀን ራት ላይ አባዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ፒካፑም ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። አየሁትና ፈራሁ።

"ቀረ?" አልኩት።

"አልቀረም" አለ ቶሎ ብሎ። "ተራዘመ እንጂ።"

ወንበሩ ላይ ዘለልኩ። አጨበጨብኩ መሰለኝ። እማዬ "ምን ሆነች ይቺ ልጅ?" አለች።

"አሁን ስንት ሆነ?" አልኩ። "ወር ሞላው አይደል? ካልሲ አይበቃኝም እኮ።"

አባዬ እማዬን አየ፣ እማዬ እኔን አየችኝ። መጀመሪያ የገባቸው አባባ ናቸው። እጃቸውን ሰደው ጠረጴዛው ላይ ሲፈልጉኝ አየሁና እጄን ሰጠኋቸው።

"ልክ ነሽ ትርሲት" አሉ። "ሳይጀመር እንዲህ የረዘመ ጉዞ በዕድሜዬ አላየሁም።"

በማግስቱ እማዬ ፀጉሬን እየሠራች ነገረችኝ። ተራዘመ ሲባል አሁን አይሆንም፣ ሌላ ጊዜ ይሆናል ማለት ነው አለች። ክፉ ልትሆን አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሄጄ እንዳይስቁብኝ ብላ ነው። ፀጉሬ በእጇ ስለነበር መዞር አልቻልኩም። ክረምቱን ሙሉ የተደሰትኩባቸውን ቀናት አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ደስ ባለኝ ቁጥር አባባ ከጎኔ ሐይቃቸው እየራቀባቸው ነበር። በጣም አፈርኩ፣ ከዚያም አለቀስኩ። እማዬ ፀጉሬን ያጠበቀችው መስሏት ፈታ አደረገችልኝ።

ሩፋኤል ጳጉሜን ሦስት ነው። በዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ይባላል፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ እየጮኸ ይታጠባል። እማዬ ጠዋት አባባን "ለዓይንዎ ጥሩ ነው፣ ባያምኑበትም ምን ይጎዳዎታል?" አለቻቸው። በየዓመቱ እንዲጠመቁ ትነግራቸዋለች፤ በየዓመቱም "ዝናብ ዝናብ ነው" ይሏታል። በዚያ ዓመት ግን "ወደ ላይ ወጥቼ ልጠመቅ፤ ትርሲት ትምራኝ" አሉ። እማዬ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ጸበል ካገኘን እንድንቀዳላት ጀሪካን ሰጠችን። አባባ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን ያዙ፣ በሌላው መቅዘፊያውን። "እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?" አለች።

"ምርኩዝ ነው" አሉ።

ዝናቡ ሲያነሳ ሲጥል በባሕር ዛፉ መሃል ወጣን። የረጠበ ቅጠል እንደ ጉንፋን መድኃኒት ይሸታል። ከቤታችን በላይ የቀበና ወንዝ ገና ቀጭን ሆኖ የሚወርድበት ቦታ አለ፤ ቀድሞ ድንጋይ ሲወጣበት ስለነበረ መሬቱ ጎድጉዷል፣ ክረምት ክረምት ውሃው ሰፋ ብሎ ይተኛበታል። ሰፋ ብሎ ስል አንድ ልጅ ድንጋይ ወርውሮ የሚያሻግረውን ያህል ነው። ዓሣ የለውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባባም ያውቃሉ፤ ቆርቆሮዬን ግን ይዤው ነበር።

ስንደርስ ከእንጦጦ በኩል ጉም ወርዶ ነበር። ውሃው ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፣ እግራቸውን ከተቱ፣ ብርዱ ትንፋሻቸውን ያዘው። እኔ ከኪሳቸው ያወጡት መንጠቆ ላይ አንድ ትል ሰካሁላቸው፤ ክሩን በግራ እጃቸው ጣት ጠመጠሙት።

"ትርሲት፣ ወዲያኛው ዳር ይታይሻል?"

አየሁ። ከፊቴ ውሃ ነበር፣ ከውሃው በኋላ ነጭ ነገር ነበር፣ ሌላ የለም። "አይታየኝም" አልኩ።

"ምንም?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ሐይቅ ነው" አሉ።

መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ነከሩትና ወደ ኋላ ሳቡት። ከእንጨቱ ቀይ ዘይት ወጥቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ የለቅሶው ወጥ ነው። ደግመው ሳቡት። ትከሻቸው የማያውቀው ሥራ አልነበረም፤ በረንዳው ላይ የሚደናቀፉት ሰውዬ አልነበሩም። እንዲያ ሲቀዝፉ አየኋቸው። ዝናቡ መጣ፣ ሁለታችንንም አረጠበን። ፊታቸውን አልጠረጉም። ሩፋኤል ከሰማቸው ይስማቸው ብዬ እኔ በሆዴ ለመንኩላቸው።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ነፋስ ተነሳና ጉሙ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ የአንድ ባሕር ዛፍ ግንድ ታየ፣ ቀጥሎ አጥሩ፣ ቀጥሎ ወዲያኛው ዳር በሙሉ። ቅርብ ነበር። አፈሩ ላይ ያለው የፌስታል ቀለም እንኳ ይለያል። አባባ ፊታቸውን በቀጥታ ወደዚያ አድርገው ይቀዝፋሉ።

"ጉሙ ተነሳ?" አሉኝ።

"ተራዘመ" የምትለውን ቃል ትርጉም እማዬ ካስተማረችኝ ገና አንድ ሳምንት አልሞላም ነበር። "ገና ነው" አልኳቸው። "እንዲያውም ብሶበታል።"

"ወዲያኛው ዳርስ?"

"አይታይም።"

"ጥሩ" አሉ። "እንግዲያው ትንሽ እንቆይ።"

መቅዘፊያውን ነከሩ፣ ሳቡ። በዚህ መሃል ከወዲያኛው ዳር፣ ካጥሩ ሥር፣ አንድ ፍየል ጮኸ። ድምፁ አፍንጫችን ሥር የተጮኸ ያህል ቅርብ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ። አባባ መቅዘፋቸውን አቁመው ጆሯቸውን ወደዚያ ዘንበል አደረጉ። ፍየሉ ደግሞ ጮኸ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"በርቺ" አሉኝ። "ደሴቱ ጋ ደርሰናል።"